ያልተዘመረበት ሰሞን

ጋሽ ላምቤቦ ማረፋቸውን የሰማሁት መገናኛ ሱቄ ውስጥ ሆኜ፣ የአንዲት ደንበኛ ስልክ ላይ መስታወት እየለጠፍኩ ነው። የደወለልኝ የቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮ መሪ ኤፍሬም ነበር። "ጋሽ ላምቤቦ ዛሬ ጠዋት ወደ ጌታ ሄዱ" አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "የማን ሰሞን ነው?" የሚል ጥያቄ ነበር። ሰው ሞተ ሲባል "ምን ነካቸው? መቼ?" ይባላል እንጂ እንዲህ ይጠየቃል? ኤፍሬም ግን አልገረመውም። "እኔም መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው" አለኝ። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ መስታወቱን አጣምሜ ለጠፍኩት። "ኧረ አየር ገባበት!" ብላ ደንበኛዬ ስትጮህብኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት።

እንዲህ ነው ያደረጉን። ሞታቸውን ስንሰማ እንኳ ያስጨነቀን ተራው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰሚት፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ አዳራሽ ናት። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ጋሽ ላምቤቦ ደግሞ የመዘምራኑ አደራጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሆሳዕና መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ሠርተዋል። የትኛው ሾፌር በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሶቹን ትተው እኛን ያሰማሩን ጀመር። አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ናቸው። ሰዓታቸውን የሚያስሩት ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ መዳፋቸው በኩል አዙረው ነው። መዝሙር ሊጀመር ሲል ሞንታርቦውን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ ያደርጉታል፤ አውቶቡስ ሞልቶ "ሂድ!" ሲባል ጎኑ እንደሚመታው። እኛም እንነሳለን።

መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ ሰው ሁሉ የሚዘለውን ክፍል ነው የሚያነቡት። ስም በስም ላይ የተደረደረበትን፣ ዳዊት በስተርጅናው የቤተ መቅደሱን ካህናትና ዘማሪዎች በየምድባቸው ያደራጀበትን። ሰባኪ ሲሰብክበት ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ላምቤቦ ግን እዚያ ሲደርሱ ፊታቸው ይበራል።

"አየህ ቤዙ" ይሉኛል። ስሜን ጠርተውት አያውቁም። "ዳዊት ሲያረጅ ጦሩን አስቀመጠ። ከዚያስ ምን ሆነ? ስምሪት ሠራተኛ! ካህናቱን በተራ፣ ዘማሪዎቹን በተራ። ያውም ገና ላልተሠራ ቤት። እሱ ለማይገባበት ቤት እኮ ነው ሰው ሲመድብ የዋለው።"

"ታዲያ ምን አደከመው?" አልኳቸው አንዴ፣ ላናድዳቸው።

"የሚመጣው ሰው ቦታውን ተዘጋጅቶ እንዲያገኘው ነዋ!"

እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የኛ መዘምራን የለየለት ገበያ ነበሩ። የፋሲካን ጠዋት ማን ይያዝ፣ የገናን ማን ይያዝ፣ ጥሩው ማይክ ለማን ደረሰ፣ የተሰነጠቀው ለማን። ካሴት ያሳተመ ያላሳተመውን ቁልቁል ያያል። ጋሽ ላምቤቦ አንድ ቅዳሜ ከሾላ ገበያ በተገዛ ትንሽ ዘንቢል ሙሉ ቆርኪ ይዘው መጡ። በየቆርኪው ውስጥ በሚስታቸው ጥፍር ቀለም የየምድቡ መሪ ስም ተጽፏል። "የዳዊት ዘማሪዎች ሰሞናቸውን የተከፋፈሉት በዕጣ ነው" አሉን። "ትልቁም ትንሹም፣ አስተማሪውም ተማሪውም እኩል። እኛም እንደነሱ ሰሞነኞች ነን። በዓመት አንዴ እንጥላለን፤ የወጣልህን ታገለግላለህ። ከዚያ ወዲያ ቅር ያለው ዳዊትን ይክሰስ።"

የመጀመሪያው ዓመት ፋሲካ የወጣው ለማን መሰላችሁ? በቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ እንደነሱ ከዜማ የወጣ ያልተሰማ፣ ሦስት አባቶች ላሉበት ምድብ። ባለ ካሴቱ ዘማሪ ፊቱ ዳማ ሆነ። "ጋሼ፣ እንግዳ ይመጣል እኮ" አለ።

"ዕጣው ጆሮ የለውም" አሉት ጋሽ ላምቤቦ፤ ዘንቢሉን አንጠልጥለው ወጡ። የዚያን ፋሲካ ሦስቱ አባቶች ሦስት ቦታ ሆነው ዘመሩ፤ እኔ በቤዝ ላገናኛቸው ብሞክር አልሆነም። ሕዝቡ ግን እንደዚያ ቀን ሲዘምር አላየሁም። ምናልባት ካልተባበርን ሰዎቹ ማለቃቸው ነው ብሎ ፈርቶ ይሆናል።

የኔ ምድብ የዮኒ ምድብ ነበር። ዮናታን የጋሽ ላምቤቦና የሚስታቸው የእትዬ ብርቄ አንድ ልጅ ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ድምፁ ሲወጣ የማይጨናነቅ። እሱ ይዘምራል፣ አባቱ አኮርዲዮን ይይዛሉ፣ እኔ ቤዝ። በኮንስትራክሽን ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነበር። አንድ ሳምንት ሆሳዕና ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ብሎ ሄደ፤ ሠርግ አልነበረም። ከሞያሌ ደወለ። ደቡብ አፍሪካ ነው መድረሻዬ፣ ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው አለ። ከዚያ ከኬንያ ደወለ። መጨረሻ ላይ በሰው ስልክ፣ ማላዊ ልንገባ ነው አለ። ያን ጊዜ ስልኩን ያነሱት አባቱ ናቸው። ምን እንዳወሩ በኋላ ነግረውኛል።

"አባዬ፣ ሰሞኔ መቼ ነው?" አላቸው።

"ከጥምቀት በኋላ ያለው እሁድ።"

"እስከዚያ ካልደረስኩ ለሌላ ሰው እንዳትሰጡብኝ።"

"ማንም አይነካብህም" አሉት።

ከዚያ ወዲህ የዮኒን ድምፅ የሰማ የለም።

ከጥምቀት በኋላ ያለው እሁድ ደረሰ። ሌላ ምድብ ይተካል ብለን ስንጠብቅ ጋሽ ላምቤቦ አኮርዲዮናቸውን አንግበው መድረክ ላይ ወጡ፤ ለኔም "ና" አሉኝ። ማይኩን መሐል ላይ አቆሙት፤ ማቆሚያውን በዮኒ ቁመት ልክ ወደ ላይ ሳቡት። እሳቸው በእግር ጣታቸው ቢቆሙ እንኳ አይደርሱበትም። ሞንታርቦውን ሁለቴ መቱ። እኔ ልጀምር ክሩን ስነካ በዓይናቸው አስቆሙኝ። "የሰሞኑ ባለቤት አልመጣም" አሉ ቀስ ብለው። "ሳይመጣ አይጀመርም።"

ቆምን። ሦስት መዝሙር የሚያስኬድ ጊዜ በሙሉ ቆምን። መጀመሪያ ሰው ተንሾካሾከ፣ ተሳለ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ሳውንድ የሚሠራውን ልጅ አየ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ጸጥታውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ይንቋቋል፤ የኔ አምፕሊፋየር ያጉረመርማል። እኔ ይህን የምናገረው ቅዠት የሚያጠቃው ሰው ሆኜ አይደለም፤ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ግን ማይኩ ፊት ሰው ቆሞ ነበር። ዮኒ ሊጀምር ሲል የሚስባትን ያቺን ትንፋሽ ሰማኋት። ጣቴ ሳላዝዘው የመጀመሪያው ኖታ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ቀና ስል ጋሽ ላምቤቦም ወደዚያው እያዩ ነበር፣ አገጫቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ረጅም ሰው እንደሚታይ።

ስንወርድ እትዬ አልማዝ በር ላይ ያዘችኝ። ልጇ ትዕግስት ለሥራ ቤሩት ከሄደች በኋላ ስልኳ ተዘግቶ የቀረባት እናት ናት። "የኔዋንም ሰማኋት" አለችኝ።

ወሬው ተሰማ። በሚቀጥለው ዓመት ዘንቢሉ ውስጥ የዮኒ ቆርኪ ገባ፤ ዕጣውም ወጣ። በሰሞኑ እሁድ አዳራሹ ለሰው አልበቃ አለ። ልጁ በባሕር የቀረበት፣ በበረሃ የቀረበት፣ ዓረብ አገር የገባች እህቱ የጠፋችበት፣ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር መጣ። ማንም አልጠራቸውም። መጥተው ዝም ይላሉ፤ ሲያልቅ አፍንጫቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። ኤፍሬም ተቸገረ። የቀጥታ ስርጭት አለን፤ እዚያ ላይ ዝምታ ምን ይደረጋል? "ጋሼ፣ ሰው ኔትወርክ የጠፋ መስሎት እየወጣ ነው" አላቸው በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ። ብዙ ተጨቃጭቀው ያን ሰዓት ስርጭቱ እንዲቋረጥ ተስማሙ። ጋሽ ላምቤቦ ግን የልጃቸው ቆርኪ ከዘንቢሉ ይውጣ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ብቻ ነው የተናገሩት። "እሱን ያወጣችሁ ቀን ልጄን ገደላችሁት" አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይደፍራል?

አንድ ሰው ደፈረ። እትዬ ብርቄ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። አንቱ ስላት "አታስረጂኝ እንጂ!" ስለምትለኝ አንቺ እላታለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ የጋሽ ላምቤቦን አኮርዲዮን ማንገቻ አሰፍቼ ኮንዶሚኒየማቸው ወጣሁ፤ በሩ ክፍት ነበር። ፀብ ላይ ደረስኩ።

"ቤዙ፣ እንኳን መጣህ፤ አንተ ንገረው" አለችኝ። "አምጥተህ ቅበር አላልኩትም። ልጄን ላልቅስ ነው ያልኩት።"

"ሞተ ብሎ የነገረን ሰው የለም" አሉ ጋሽ ላምቤቦ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

"አለ ብሎ የነገረን ማን አለ?"

"ተራው አለ።"

"ተራ!" ሳቀች፤ የሚያስፈራ ሳቅ ነበር። "የዮኒ አባት፣ ጎረቤቶቼ ሊያስተዛዝኑኝ ሲመጡ 'ሊመጣ ነው' እያልክ ትመልሳቸዋለህ። ልጠብቀው ስል ደግሞ ልጁ የለም። እኔ የት ልቀመጥ? ድንኳን አልተተከለልኝ፣ ጥቁር አልለበስኩ፣ እንደ እናት እንኳ አልጮህኩ።"

ጋሽ ላምቤቦ ተነስተው ወደ ደረጃው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። "የካህናቱ ስምሪት ከምን እንደሚጀምር ታውቃለህ?" አሉኝ። "ከአሮን ልጆች። ሁለቱ ካባታቸው በፊት ሞቱ ይላል፤ ከዚያ ነው የቀሩት የሚመደቡት። ሲሞቱ ደግሞ አሮን ዝም አለ። የካህንነት ልብሱን ለብሶ፣ ዘይቱ በራሱ ላይ ነበራ! ሥራ ላይ ያለ ካህን አያለቅስም፤ እናንተ አታልቅሱ፣ ሌላው ሕዝብ ያልቅስላችሁ ተባሉ።" ሰዓታቸውን አዩ። "እኔም ሥራ ላይ ነኝ ቤዙ። ከወረድኩ ማን ይቀበለዋል?"

ተናደድኩ። አዘንኩላቸው፣ ግን የተናደድኩት ይበልጣል። "አሮን የልጆቹን ሬሳ አይቷል፤ እርስዎ ምን አይተዋል?" አልኳቸው። "ደግሞ እትዬ ብርቄ የትኛውን የካህን ልብስ ለብሳ ነው አታልቅሺ የሚባለው?"

የላይኛው ፎቅ ሰዎች በደረጃው ሲያልፉ ጋሽ ላምቤቦ ተነስተው ሰላምታ ሰጥተው፣ ልጆቻቸው ደህና መሆናቸውን ጠይቀው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ባለፈው ዓመት ከዚያው ከማላዊ መንገድ የተመለሰ አንድ ልጅ ሆሳዕና ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። እትዬ ብርቄ ለባሏ ሳትነግር ሌሊት ተነስታ በአውቶቡስ ሄዳ አናገረችው። ምን እንዳላት ለማንም አልተናገረችም፤ እስካሁንም አልነገረችንም። ስትመለስ ግን ጥቁር ቀሚስ ገዝታ ነበር የመጣችው። ቁምሳጥን ውስጥ ሰቀለችውና ምንም ሳትል ሾላ ሥራዋ ላይ ዋለች።

የዮኒ ሰሞን ደረሰ። እኔና ጋሽ ላምቤቦ እንደተለመደው ወጥተን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ ከሴቶቹ ወገን ጥቁር የለበሰች ሴት ተነስታ በመሐል መንገድ መጣች። መድረኩ ላይ እስክትወጣ ድረስ እትዬ ብርቄ መሆኗን አላወቅኩም። ማይኩ ፊት ቆመች። ረጅም ነው፤ ግንባሯ እንኳ አይደርስበትም። እጇን ዘርግታ ማቆሚያውን ፈታችው። ጋሽ ላምቤቦ "ብርቄ!" አሉ፤ ልመና ነበር እንጂ ቁጣ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያንን ማቆሚያ ከሳቸው በቀር የነካው ሰው የለም። እሷ ወደ ታች ሳበችው፤ እስከ አፏ። አጠበቀችው።

ከዚያ ጀመረች። በሀዲይኛ ነው። ቋንቋውን አልሰማም፤ የያዝኩት የልጇን ስም ብቻ ነው። መዝሙር አልነበረም፤ በኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ሙሾ አይፈቀድም፤ ተፈቅዶም አያውቅም። ድምፁ ከሆዷ እየወጣ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንዳቸውም አልተነሱም። ትለዋለች፣ ታቆማለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ እንደገና ትለዋለች። ስሙን ስትጠራ እንደሚመልስላት ሰው ጆሮዋን ታዘነብላለች።

ጋሽ ላምቤቦ ጣታቸው አኮርዲዮኑ ላይ እንደነበረ ደርቀው ቀሩ። ፊታቸው መቼ እንደተለወጠ አላየሁም። ያየሁት ማንገቻውን ከአንዱ ትከሻቸው፣ ከዚያ ከሌላው ሲያወርዱ ነው። አኮርዲዮኑን እኔ ክንድ ላይ አስቀመጡት፤ ሲቀመጥ እንደ ሰው ተነፈሰ። ከመድረኩ ወረዱ። ጫማቸውን አወለቁ። ሚስታቸው ፊት ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"ወገኖቼ" አሉ፤ ያለ ማይክ ነው፤ ግን ሁላችንም ሰማን። "ልጄ ሞቷል። አልቅሱልኝ።"

የተለቀሰውን ልቅሶ ልገልጸው አልሞክርም። እኔ አኮርዲዮኑን ታቅፌ ቆሜ አለቀስኩ። ኤፍሬም መሬት ላይ ነበር። በዚህ መሐል እትዬ አልማዝ ብድግ አለች።

"አይሆንም!" ብላ ጮኸች። "የናንተ ሞቷል በሉ፤ መብታችሁ ነው! የኔ አልሞተችም! ስንጠብቅ አብረን አልነበር? ጥላችሁኝ ልትሄዱ ነው?"

ሻርፗን ሰብስባ ወጥታ ሄደች። የልጆቻቸውን ፎቶ ቦርሳ ውስጥ ይዘው የመጡ ሌሎች እናቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እያለቀሱ ቀሩ፣ አንዳንዶቹ ተከትለዋት ወጡ።

በማግስቱ ሰሚት ላይ ድንኳን ተተከለ። እትዬ ብርቄ ተቀመጠች፤ ሰው መጣላት፤ በልቅሶው መሐል አንድ ጊዜ እንቅልፍ ወስዷት ትከሻዬ ላይ አንኮራፍታለች። ዕረፍት እንዲያ ነው ለካ አልኩ። ሐዘኑ ሳያልቅ ጋሽ ላምቤቦ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ፤ እትዬ አልማዝ ቤት አድርሰኝ አሉኝ። በር ላይ ቆማ አላስገባቻቸውም። እሳቸውም ልግባ አላሉም።

"የልጄ ሰሞን ባዶ ሆኗል" አሏት። "ለትዕግስት ይሁን።"

"ዕጣስ?" አለች ግራ ገብቷት።

"አልጥልም። የሷ ነው።"

ኤፍሬም ሲሰማ "ጋሼ፣ ሥርዓቱን እርስዎ ራስዎ አፈረሱት?" አላቸው። "አዎ፣ አፈረስኩት" አሉት፤ ደስ ያላቸው ይመስል ነበር። እኔ ግን ጥያቄ ነበረኝ፤ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጠየቅኳቸው። "ትመጣለች ብለው ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉኝ። "መጠበቁ የሚበቃትን ቀን እናትዋ ታውቀዋለች። እኔ ያንን ለብርቄ አልተውኩላትም። እኔ እስኪበቃኝ አታለቅሺም አልኳት፣ ስንት ዓመት።" ከዚያ ወዲህ ስለዮኒ ሲያወሩ በ"ነበር" ነው ያወሩት። ክረምቱ ሲገባ ሳንባቸውን አመማቸው፤ ክረምቱ ሲወጣ አረፉ።

ዓርብ ቀበርናቸው። ምድቡ ሁሉ አንድ ላይ ልዘምር አለ፤ ማን እንደሚጀምር የሚያዝ ስላልነበረ ሁለት መዝሙር ባንዴ ተጀመረ፣ አንዱም በደንብ ሳያልቅ አፈር ለበሱ። እትዬ ብርቄ ያለ ከልካይ፣ እንደ ልቧ አለቀሰችላቸው።

ትናንት ሱቄን ልዘጋ ስል እትዬ አልማዝ መጣች። መገናኛ ከታክሲ ወርዳ በሰው መሐል እየተጋፋች ነው የመጣችው፤ ላብ በላብ ሆናለች። የሚጠገን ስልክ የያዘች መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ምንም አልያዘችም።

"እሁድ የልጄ ሰሞን ነው አይደል?" አለችኝ።

"ነው እትዬ። ማንም አይወጣም፤ እኔ ብቻ ነኝ የምቆመው።"

"እሱን ልጠይቅህ አይደለም የመጣሁት።" ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች፤ ወያሎች ይጮሃሉ፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል። "ድንገት ከመጣች፣ ማለቴ ልክ ያን ሰዓት በበሩ ከገባች... ማይኩ ይከፈታል ወይስ ተዘግቶ ነው የሚቆመው?"

እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አይቼው አላውቅም። እሷ ፊት ለፊቴ ቆማ ሳውንድ ለሚሠራው ልጅ ደወልኩና ጠየቅኩት።

"ጋሼ አንድም ቀን አስዘግተውኝ አያውቁም" አለኝ።

"ክፍት ነው" አልኳት።